ለእናታችሁ ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ልጆች ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

እኔ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነኝ። የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው አባት ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አጥሚት አጠጣለሁ፣ ወከር የያዙ ሽማግሌ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ኮሪደር ለኮሪደር እመላለሳለሁ። እንደ እኔ ያለችውን ሠራተኛ ቤታችሁ የሚልከውን ድርጅት ኤጀንሲ እንለዋለን። አንዱን ኤጀንሲ ላሞግስ ሌላውን ላጣጥል አይደለም የምጽፈው፤ የማንንም ስም አልጠራም። ሰው ፈልጋችሁ ስትደውሉ የምትጠይቁት ነገር ስላሳሰበኝ ነው። አብዛኛዎቻችሁ ሁለት ነገር ትጠይቃላችሁ። «አማርኛ ትችላለች?» «መቼ ትጀምራለች?» አለቀ። ቤት ስትከራዩ እንኳ ቧንቧውን ከፍታችሁ፣ ፍሪጁን አይታችሁ ነው የምትፈርሙት።

አማርኛው ጥሩ ነው። እኔም እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው። ግን አማርኛ አቀላጥፋ የምታወራ ሴት ሁሉ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለትን ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዘዋወር ትችላለች ማለት አይደለም። ስለዚህ ኤጀንሲ ስትመርጡ ስለ እናታችሁ ብቻ ሳይሆን ስለምትላከው ሠራተኛም ጠይቁ። ኤጀንሲው እሷን እንዴት እንደሚይዛት ካወቃችሁ፣ እናታችሁ እንዴት እንደሚያዙ ግማሹን አወቃችሁ።

ከሆስፒታል ልጀምር፣ ብዙዎቻችሁ ሆም ኬር የሚባለውን የቤት ውስጥ እንክብካቤ መጀመሪያ የምትሰሙት እዚያ ስለሆነ። አባባ ስትሮክ ይመታቸዋል፣ ጥቂት ቀን ይተኛሉ፣ አንድ ጠዋት ጉዳያቸውን የያዘችው የሆስፒታሉ ኬዝ ማናጀር ትመጣና «ነገ ዲስቻርጅ ናቸው፣ ይወጣሉ» ትላለች። የኤጀንሲ ስም የተደረደረበት ወረቀት ትሰጣችኋለች። እናንተም ደንግጣችሁ ከላይ ያለው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ኧረ ተረጋጉ። ሕጉ ምርጫው የታካሚው ነው ይላል። ሆስፒታሉ ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ኤጀንሲ ጋር የገንዘብ ጥቅም ካለው እሱንም የመናገር ግዴታ አለበት። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ድረ ገጹ ላይ ኬር ኮምፔር የሚባል ቦታ አለው፤ ሜዲኬር የሚቀበሉትን ኤጀንሲዎች እዚያ ገብቶ ማወዳደር ይቻላል፣ ኮከብ ሁሉ ተሰጥቷቸዋል። ማታ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ደግሞ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ዲሲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ካቴተር»ን በአማርኛ ከየት ያምጣው? አያትየውስ በልጅ ልጃቸው ፊት ስለ ሽንታቸው እንዴት ብለው ያውሩ?

አሁን ሜዲኬርና ሜዲኬድ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሁሉም ሰው ያምታታቸዋል። ሜዲኬር በዋናነት ለአረጋውያን ነው፣ ሜዲኬድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ። ሜዲኬር የሚልከው ሰው እናታችሁ ጋር አይውልም። ነርሷ መጥታ ቁስል ታያለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ትሄዳለች። ፊዚካል ቴራፒስቱ ትንሽ ያራምዳቸውና ይሄዳል። ገላ የምታጥብ ኤይድም ልትመጣ ትችላለች፤ ግን ለአጭር ሰዓት ነው፣ እሱም የነርስ ወይም የቴራፒስት ሥራ እስካለ ድረስ። ሐኪም ማዘዝ አለበት፣ ሰውየውም ከቤት መውጣት የሚያዳግተው መሆን አለበት። ጠዋት መጥታ ማታ የምትሄድ ሰው ከፈለጋችሁ ወይ ሜዲኬድ ነው፣ ወይ ለዚሁ የተገዛ ኢንሹራንስ ነው፣ ወይ ኪሳችሁ ነው። እናታችሁን በግሪን ካርድ ያመጣችሁ ደግሞ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የፌደራል ሕግ ምክንያት ለሜዲኬድ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለ። ሠርተው የማያውቁ ወላጅም ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት 65 ዓመት መሙላትና አምስት ዓመት እዚህ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ይህን ሳታሰሉ ትኬት የቆረጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ አልፈርድም፣ እናት ናፍቆት ነው።

ሜዲኬድ ገቢና ንብረት ከማየቱ ሌላ ግምገማ አለው። ገምጋሚዋ ቤት ትመጣለች፣ ምን በራሳቸው እንደሚችሉ፣ ምን እንደማይችሉ ትጠይቃለች፤ የሚፈቀደው ሰዓት ከዚያ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ የእኛ እናቶች ጉድ ይሠሩናል። አንድ ቤት እንዲህ ሆነ። እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀጉራቸው ቅቤ ተቀብቶ ሶፋው ላይ ጉብ ብለዋል። «ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» «አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ምግብ ያበስላሉ?» «እንዴታ!» እንግዳ ቤት ገብቶ እንዴት አቃተኝ ይባላል? ሴት ልጃቸውም አፍራ ዝም አለች። ያን ጠዋት ቀሚሱን ያለበስኳቸው፣ ሶፋው ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ሲነሱም ብብታቸውን ይዤ ነው። የተፈቀደላቸው ሰዓት የሚበቃ አልነበረም፤ ይግባኝ ብለን ነው የተስተካከለው። እባካችሁ በግምገማው ቀን ቤት ሁኑ፣ እናታችሁ የሚሉትን ካሉ በኋላ እውነቱን እናንተ ተናገሩ። ውሳኔው ከመጣ በኋላም ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ግን አታሳልፉ።

ወደ ኤጀንሲው እንምጣ። ፈቃድ አለው ወይ? በሜሪላንድ የጤና መሥሪያ ቤቱ የጥራት ክፍል፣ በቨርጂኒያ የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ በዲሲ ደግሞ ዲሲ ሄልዝ ነው ፈቃድ የሚሰጠው። ቀጥሎ ስለ ሥልጠና ጠይቁ። ሜዲኬር የሚቀበል ኤጀንሲ የሚልካት ኤይድ በፌደራል ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለባት፤ ዲሲ 125 ሰዓት ይጠይቃል። በየግዛቱ የተለያየ ስለሆነ «ሰርተፊኬቷን ማየት እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ለፍቼ ነው ያገኘሁት።

ከዚያ የማትጠይቁትን ጠይቁ። ሠራተኛዋ የምትሠራው በደብሊው ቱ፣ ማለትም የኤጀንሲው ተቀጣሪ ሆና ነው ወይስ በ1099 የግብር ወረቀት? ምን አገባን እንዳትሉ። በ1099 የምትሠራ ሰው በወረቀት የራሷ ነጋዴ ናት፤ እናታችሁን ስታነሳ ወገቧ ቢቀጭ ኤጀንሲው «የእኛ ሠራተኛ አይደለችም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚዞር አስቡት፣ የተጎዳችው እናንተ ቤት ውስጥ ነዋ። ከ40 ሰዓት በላይ ስትሠራ ኦቨርታይም ይከፈላታል? የማይከፈላት ከሆነ ሌላ ኤጀንሲ ሄዳ ሁለተኛ ሥራ ትይዛለች። እናንተ ቤት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የምትገባው ሌሊቱን ሌላ ቤት አድራ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው እናታችሁን ሻወር ውስጥ ይዞ ሲቆም አስቡት።

ነርሷስ? ኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ነርስ አለኝ ይላል። ቤት የምትመጣው በስንት ጊዜ ነው? የመጀመሪያ ቀን መጥታ ኬር ፕላኑን፣ የእንክብካቤ ዕቅዱን፣ ጽፋ ከሄደች በኋላ ዳግመኛ ያላየናት ነርስ አለች። እኔ የሆነ ነገር አይቼ ስደውል ማን ነው ስልክ የሚያነሳው? ቅዳሜ ማታስ? አንድ ነገር ላድርግ የምትሉ ከሆነ ኤጀንሲውን ከመምረጣችሁ በፊት ቅዳሜ ማታ ቁጥሩ ላይ ደውሉ። ማን እንደሚያነሳ ታያላችሁ።

እኔ ስታመም ማን ይመጣል? በረዶ ሲጥል? በነገራችን ላይ ይህን የሚጠይቀኝ ስለሌለ ልንገራችሁ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የያዘ ኤጀንሲ የፋሲካ ለት ችግር አለበት። ሁላችንም ሌሊት ቅዳሴ ነን፣ ሁላችንም ዶሮ አለን፣ ሁላችንም እረፍት ጠይቀናል። ገናም እንደዚያው። ጎበዝ አስተባባሪ ያላት ኤጀንሲ ሙስሊም እህቶቻችንን ለእኛ በዓል፣ እኛን ለኢድ ትመድባለች፣ ጋናዊቷንና ካሜሩናዊቷንም አትረሳም። ይህን ጥያቄ ስትጠይቋቸው የሚመልሱበት ፍጥነት ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል።

የሠራንበትን ሰዓት ስለምንሞላበት ወረቀት አንድ ነገር ልበል፣ ማንም ቅር አይበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዲሲ በሆም ኬር የሜዲኬድ ማጭበርበር ከ20 በላይ ሰዎች ተከሰዋል። ያልተሠራ ሰዓት እየተሞላ፣ ታማሚውም ድርሻው እየተሰጠው። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የፌደራል ሕግ ምክንያት ስንገባና ስንወጣ በኤሌክትሮኒክ ይመዘገባል፤ አብዛኛዎቻችን በስልካችን ነው፣ የት እንዳለንም ያሳያል። ቢሆንም «ዝም ብለሽ አስመዝግቢ፣ ለእናቴም ትንሽ ታካፍያለሽ» የሚል ልጅ አሁንም አለ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ በኋላ እንሞላዋለን» የሚል ኤጀንሲም አለ። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ነገሩ ሲፈነዳ እናታችሁ ጥቅማቸውን ያጣሉ፣ እኔ ሰርተፊኬቴን አጣለሁ። በሕጋዊ መንገድ ዘመድ ተቀጥሮ እንዲንከባከብ ከፈለጋችሁ ዲሲም ቨርጂኒያም ታማሚው ሠራተኛውን ራሱ የሚመርጥበት የሜዲኬድ ፕሮግራም አላቸው። ኬዝ ማናጀራችሁን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው። እውነቱን ንገሩን።

«ትንሽ ትረሳለች» ተብዬ የሄድኩበት ቤት አለ። አንድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ እማማ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ላምጣቸው» ይላሉ። ልጆቹ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ነው፣ ውጭ ደግሞ መኪና የሚከንፍበት ጎዳና ነው። ማታ ልጅየውን ስነግረው «አዎ፣ ሲመሽ ሲመሽ እንደሱ ታደርጋለች» አለኝ። ታዲያ መች ነገርከኝ? ዲሜንሺያ፣ የመርሳት በሽታ፣ ላለበት ሰው የሠለጠነች ኤይድ አለች። «ልጆቹማ አድገዋል፣ ምን ነካዎት» ብላ አትከራከርም፤ «እሺ፣ መንገድ ስለሆነ ቡና ጠጥተን እንሂድ» ትላለች። እውነቱን ለኤጀንሲው ከደበቃችሁ እሷን ሳይሆን የተገኘችውን ይልካሉ።

ክብደታቸውንም ንገሩ። ይወድቃሉ ወይ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? አንዲት ሴት ሃያ አራት ሰዓት ብቻዋን እንድትቆይ የምትፈልጉ ደግሞ እሷም የምትተኛበት ሰዓት ከሌላት ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የመዋጥ ችግር እንዳለባቸው የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ከተጻፈ ወረቀቱን አሳዩን። እንዲወፍር ከታዘዘ ፈሳሹ ሁሉ ለዚሁ በተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት ይወፍራል፤ ቡናውም ጭምር። ተኝተው አይጠጡም፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው። ከጠጡም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙም። አክስት ከአገር ቤት መጥታ «ውሃ ከለከላችኋቸው እንዴ!» ብላ አንድ ብርጭቆ ታጠጣና ውሃው ወደ ሳምባ ገብቶ ሳምባ ምች ይመጣል።

የአልጋ ቁስልም እንደዚሁ ነው። የሥልጠና መጽሐፉ «ቆዳው ቀላ ካለ» ይላል፤ የእኛ ቆዳ ቶሎ ቀልቶ አይታይም። ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ነው የሚጀምረው፣ አንዳንዴም ምንም ሳይታይ ቦታው ሞቅ ወይም ጠንከር ይላል። ስለዚህ ጅራታቸው አካባቢ፣ ተረከዛቸው፣ ዳሌያቸው በእጅ መዳሰስ አለበት። ለኢንተርቪው የመጣችውን ኤይድ «የአልጋ ቁስል እንዴት ታውቂያለሽ?» በሏት። እጇን ካነሳችና መዳፏን ካሳየቻችሁ ሥራውን ታውቃለች።

መድኃኒት ላይ ጸብ አትፍጠሩብን። የእኔ ሥራ ማስታወስና ውሃ ማቅረብ ነው። ሳምንታዊውን ሳጥን መሙላት ወይም ኢንሱሊን መውጋት አይደለም። በሜሪላንድ በነርስ ሥር ሆነው መድኃኒት መስጠት የሚችሉ ሰርተፊኬት ያላቸው አሉ፤ የሚያስፈልጋችሁ እንደዚያ ከሆነ ለኤጀንሲው ገና ከመጀመሪያው ንገሩ። ስለ ጾም ደግሞ። የሁዳዴ 55 ቀን ለእኔ ከባድ ጊዜ ነው፣ ስኳር ያለባቸው እናቶች ቤት። እማማ የስኳር ኪኒናቸውን ይውጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ላብ ላብ ይላቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ «ይብሉ» ብል አይሰሙኝም፣ ዶክተሩም ቢል አይሰሙትም። የነፍስ አባታቸው ቢሉ ግን ይሰማሉ። ጾሙ ሳይገባ ልጅየው ለነፍስ አባት ደውሎ፣ ዶክተሩ ያለውን ነግሮ፣ እሳቸው ራሳቸው በስልክ ለእናትየው እንዲያዝዙ ማድረግ የሁለት ስልክ ሥራ ነው። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ ኢማሙን አማክሩ። ሐጃ ቤት ከሆነ ደግሞ ሴት ብቻ እንዲላክላቸውና የውዱእ ውሃ በየሶላቱ ሰዓት እንዲቀርብላቸው ኬር ፕላኑ ላይ ይጻፍ፣ በቃል አይቅር፣ በኔ ፈንታ የምትመጣዋ ወረቀቱን ነው የምታየው።

አማርኛ ተናጋሪ አንፈልግም የሚሉ እናቶችም አሉ፣ ልጆቻቸውም ይደነቃሉ። እኔ አልደነቅም። «ገመናዬን ቤተ ክርስቲያን ታወራዋለች» ብለው ነው። ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁላችንም አንድ ገበያ እንጀራ እንገዛለን። የታማሚን ጉዳይ ማውራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኤጀንሲው ይህን ለሠራተኞቹ እንዴት እንደሚያስተምር ጠይቁ። ከተቻለም ከአንድ ማኅበር ወይም ከአንድ እድር ያልሆነች ሰው ይላክላቸው። አንዳንዴ አማርኛ የማትችል፣ እጇ ለስላሳ የሆነች ፊሊፒናዊት ከእኔ ትሻላቸዋለች። አፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሆነ እናትም አማርኛ ስለሚችሉ ብቻ አማርኛ ተናጋሪ አይመደብላቸው፤ ዲሜንሺያው ሲገፋ የሚቀረው የልጅነት ቋንቋቸው ነው።

ካሜራ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ግን ንገሩን። በሜሪላንድ ሰው ሳይስማማ ድምፁን መቅዳት ሕገ ወጥ ነው፣ እናንተም እንዳትጠየቁ። ኧረ ደግሞ ሥራ ስትሄዱ የዩቲዩብ ፖለቲካ ከፍታችሁ አትሂዱ፣ የደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነኝ።

ሰው ስትመርጡ እናታችሁን ወይም አባታችሁን አብራችሁ አስቀምጧቸው። ልብሱ የሚወልቀው የእሳቸው ነው። ኤጀንሲው «የምናመጣላችሁን ተቀበሉ» ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ደህናው ኤጀንሲ ሁለት ሦስት ሰው አምጥቶ ያስተዋውቃል፣ ካልተስማሙ ይቀይራል። እኔንም ብትቀይሩኝ አልቀየምም። ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለነርሷ፣ ካልሰማችም ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት አቅርቡ፤ ልጅ ሆናችሁ በእኔ ላይ እየጮኻችሁ ኤጀንሲውን ዝም ማለት ግን ይቅር። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባል የፌደራል አገልግሎት አለ፣ ቁጥሩ 1-800-677-1116 ነው፤ በአካባቢያችሁ ያለውን የአረጋውያን መሥሪያ ቤት ያገናኛችኋል። ስትደውሉ «አማርኛ» በሏቸውና አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ሆም ሄልዝ ኤይድ